ኔቪል ትሬምባዝና ባለ ዘጠና አምስቱ

ዋራምባ ከተማ ውስጥ የተከበረ ሰው ለመሆን ሀብትም ሹመትም አያስፈልግም፤ የፍሳሽ ማጣሪያው ኩሬ ማዶ ዳርቻ ላይ ያሉትን ወፎች መቁጠር ይበቃል። የቀረው የአውስትራሊያ ሕዝብ ከሽንት ቤት ከወጣ በኋላ ያወረደውን ነገር ዞር ብሎ አያስበውም። የዋራምባ ወፍ ተመልካቾች ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሳንድዊቻቸውን ጠቅልለው፣ ሻያቸውን በፔርሙዝ ሞልተው፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አጥልቀው ያንኑ ነገር ተከትለው ይገሰግሳሉ። ሽታውን ማንሳት ነውር ነው። አፍንጫውን የያዘ ሰው ከታየ እንግዳ ነው ተብሎ በአዘኔታ ይታለፋል። ወፎቹም ቢሆኑ አይጠየፉም፤ ከሳይቤሪያ ድረስ ክንፋቸው እስኪዝል በርረው መጥተው የሚያርፉት ከተማው በልቶ በጨረሰው ላይ ነው።

ማዶውን የሚቆጥረው ኔቪል ነበር። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ቀይ ጆሮ፣ በበጋ ቁምጣ በክረምትም ቁምጣ። ማዶው ሩቅ ነው። እዚያ የሚቆሙት ወፎች ደግሞ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ቀጭን እግር፣ ሁሉም ጭቃ ጠቅጣቂ ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ መለየት የመንታ ልጆችን ጫማ በጨለማ እንደመለየት ነው። ስለዚህ ማዶውን የሚቆጥር ሰው ያለውን ማንም አያጣራም፤ እንዳለ ይወሰዳል። «ኔቪል ካለ አለ ነው» ይባል ነበር። ይህች አረፍተ ነገር ለኔቪል ከጡረታ ደሞዙ ትበልጥበታለች።

ችግሩ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኔቪል ማዶውን አያየውም።

ቀኝ ዓይኑ ላይ ጭጋግ ወረደ። መጀመሪያ መነጽሩን ወለወለ፤ ቀጥሎ የመኪናውን መስታወት ወለወለ፤ ቀጥሎ የቤቱን መስኮት ሁሉ ወልውሎ ሚስቱን ግሌኒስን አስደነገጣት። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ዓይኑ ውስጥ በብርሃን አየች አየችና «የዓይን ሞራ ነው፤ ቀላል ነገር ነው፤ እናወጣዋለን» አለችው። ኔቪል ግን ቀላሉን ነገር ሳይሆን የወፍ ተመልካቾቹን ማኅበር ሰዎች ፊት ነው ያየው። ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰነፍ ነው፤ አለ ለማለት ያህል ነው ያለው። ቀኙ መታመሙ ከተሰማ ማዶው ለራስል ዱጋን ይሰጣል። ራስል ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ስለ ወፍ ሲያወራ እንኳ አፍህን ክፈት የሚልህ ይመስላል። ኔቪል ቤቱ ሲገባ ግሌኒስ «ምን አለችህ?» ብላ ጠየቀችው።

«የጎረምሳ ዓይን ነው ያለህ አለችኝ።»

ይህን ብሎ ጓሮ ገባና የቲማቲሙን ተክል ውሃ አጠጣ። ጆሮው ከቲማቲሙ ቀድሞ ቀልቶ ነበር።

መፍትሔው የተገለጠለት እዚያው ጓሮ ነው፤ ትልቅ ስኮፕ። በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚተከለው ያ ባለ አንድ ዓይን አቅርቦ ማያ የፊት መስታወቱ በሰፋ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ብዙ ብርሃን ከገባ ጭጋጉ ይሸሻል ብሎ ኔቪል ራሱን አሳመነ። ሐኪሟ እንዲህ አላለችም። እሷን ግን ማን ጠየቃት?

ጊሎንግ ከተማ ወዳለው መነጽር ሱቅ ሲሄድ ዶት ፓስኮ አብራው ሄደች። ዶት የማኅበሩ ባልደረባው፣ የቀድሞ ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ምላሷ ከቢላዋ የማይተናነስ። የራሷ ስኮፕ ባለ ስልሳ አምስት ነው፤ እንደ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ትዞራለች። ሻጩ ጺሙን ያሳደገ ትሁት ወጣት ነበር። ሦስት ስኮፖች መስኮቱ አጠገብ ተከለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ስልሳ አምስት ነው፣ ይሄ ሰማንያ አምስት፣ ያ የመጨረሻው ዘጠና አምስት። ቁጥሩ የፊት መስታወቱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሲተልቅ ብርሃን ይጨምራል፣ ክብደትም ይጨምራል። በእግርዎ ነው የሚዞሩት ወይስ መኪና አጠገብ ነው የሚቆሙት?»

«እሱ?» አለች ዶት። «እሱ እኮ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ለመሄድም ሞተር የሚያስነሳ ሰው ነው።»

«ዝም በይ አንቺ።» ኔቪል ወደ ስልሳ አምስቱ ጎንበስ አለ። ጭጋግ። ጭጋግ ውስጥ ደግሞ የሆነ ቡናማ ነገር።

«ከመንገዱ ማዶ ያለው ጽሑፍ ይነበብልዎታል ጋሼ?»

«ጥርት ብሎ!»

«ምን ይላል?» አለች ዶት።

ኔቪል ዳቦ ቤት ቢሆን ጥሩ ነው ብሎ አሰበ። «ዳቦ ቤት ይላል።»

ዶት ቀና ብላ አየችው። «ወንድሜ፣ የጫማ ሱቅ ነው።»

«ቀልዴን ነው!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከሚገባው በላይ ረዘመ፤ ሻጩም በጨዋነት አብሮት ሳቀ። ዶት አልሳቀችም። ኔቪል ቶሎ ብሎ ወደ ዘጠና አምስቱ ዞረ። ይሄኛው ስኮፕ አይባልም፤ ምሽግ ላይ ቢተከል ባሕር ኃይሉ አድማሱን ያስጠብቅበት ነበር። ኔቪል ዓይኑን አስጠጋ። እውነትም ብርሃኑ ጎረፈ፤ ጭጋጉም ብሩህ ጭጋግ ሆነ። ኔቪል ይህን መዳን ብሎ ጠራው።

«ይሄን ነው የምፈልገው።»

«ጋሼ፣ ልንገርዎት ብዬ ነው እንጂ» አለ ሻጩ፣ «ፀሐይ ሲበረታ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። ትልቁን ይዘው ብዙ ሲያቀርቡ መንቀጥቀጡንም ነው አቅርቦ የሚያሳይዎት። ያኔ የሚሻለው ትንሹን ተሸክሞ ጠጋ ማለት ነው።»

«ትንሹን ውሰድ» አለች ዶት፣ አሁን ቀስ ብላ። «ጀርባህ ይተርፋል። አብረን እንዞራለን።»

«ማዶ ቆጣሪ በትንሽ አይቆጥርም!» አለ ኔቪል።

ሲመለሱ ዘጠና አምስቱን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት፤ ዶት ከኋላ ተቀመጠች። ግሌኒስ ከበር ላይ ሆና አየችና «ማንን ልትወጋ ነው?» አለች። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ መድፍ ብሎ ሰየመው።

የበጋው ቆጠራ የካቲት ላይ ደረሰ። በዚያ ቀን ባሕሩ ሲሞላ የጭቃ ወፎቹ ሁሉ መቆሚያ አጥተው ወደ ኩሬዎቹ ይገባሉ፤ ባሕሩ ሳይጎድል መቁጠር ግድ ነው። የማኅበሩ አለቃ አሊስተር የማጣሪያውን በር ቁልፍ እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አስሮ በሩን ከፈተ። ኔቪል መድፉን ከመኪናው ሲያወርድ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ራስል የራሱን ባለ ሰማንያ አምስት አየት አደረገና ፊቱን አጠቆረ። ለዚያች ደቂቃ ኔቪል ምንም አላፈረም፤ በዚያ ቀን ሳያፍር ያለፈች ደቂቃ ያቺ ብቻ ናት።

ዶት ስልሳ አምስቷን ትከሻዋ ላይ፣ የእጅ ሬዲዮዋን ቀበቶዋ ላይ አድርጋ የመሃሉን ኩሬዎች ለመቁጠር በግድቡ ጫፍ ላይ በእግሯ ሄደች። ኔቪል መኪናው አጠገብ መድፉን ተክሎ ጎንበስ አለ።

ሙቀቱ ገና በጠዋት ነው የጀመረው። ማዶው እንደሚፈላ ወተት ይንተከተካል። ኔቪል አቀረበ፤ ጭጋጉ ቀረበ። ሌላ አቀረበ፤ ጭጋጉ እስክስታ ወረደ። ወፍ ያለ ይመስላል፣ ነጥብ ያለ ይመስላል፣ ነጥቦቹ ይዋሃዳሉ፣ ይለያያሉ። ከኋላው አሊስተር እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል።

«እህ፣ ኔቪል? ማዶው እንዴት ነው?»

ኔቪል የአምናውን ቁጥር በቃሉ ያውቀው ነበር። ትንሽ ቀነሰለትና ተናገረ። አሊስተር ሳይጠይቅ ጻፈ። ኔቪል ያን እስክሪብቶ ከእጁ ነጥቆ ኩሬው ውስጥ ሊወረውረው ቃጣው፤ ግን ዓይኑን ከስኮፑ አላነሳም፣ ካነሳ ፊቱ ይታያላ።

እንዳጎነበሰ፣ የሆነ የሚመለከተው ነገር ሲፈልግ ነው ያያት። ግራጫ ሰውነት። ረዘም ያለ ምንቃር። ከሥሩ ሁለት ቢጫ እግር። ጎንበስ ቀና ትላለች።

«ይቺ ባለ ቢጫ እግሯ... አይደለችም መቼም?» አለ። አነጋገሩ ግማሽ ጥያቄ ነበር። ባለ ቢጫ እግሯ የአሜሪካ ወፍ ናት፤ መንገድ ስታ ካልሆነ ወደዚህ አገር ድርሽ አትልም። ወፍ ተመልካች ፊት ደግሞ ግማሽ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ተንጋጋ።

ደንቡ ይታወቃል፤ ወፍ ያገኘ ሰው ስኮፑን ለቆ ዞር ይላል፣ ሌላው በተራ ይጎነበሳል፣ አይቶ፣ አየኋት ለማለት፣ «ገባችልኝ!» ይላል፣ ቶሎ ይለቃል። ከኋላ ሰልፍ አለ። «አልታየኝም» ብሎ ሰልፉን የሚያስቆም ጀግና እስካሁን አልተወለደም። አሊስተር ጎነበሰ፤ «ገባችልኝ!» ሁለት አሮጊት እህትማማቾች ጎነበሱ፤ «ገባችልን!» አንደኛዋማ የጎነበሰችው በተጨፈነው ዓይኗ ነው። ራስል ብዙ ቆየና ቀና ብሎ «ደረቷ ላይ ቀጫጭን ጭረት አለ» አለ፤ «ልጅ እግር ናት።»

ኔቪል ይሄን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ምንም ጭረት አላየም ነበር።

ስልኩ ተደወለ፣ ወሬው በረረ። ረፋዱ ላይ መኪኖች ከሜልቦርን አቧራ እያስነሱ መጡ። አንዱ የእህቱን ሰርግ ቃል ኪዳኑ መሃል ላይ ጥሎ በከረባት መጣ። አንዷ ጸጉር ቤት ተቀምጣ ሳለ ሰምታ ቀለሙ ሳይታጠብ፣ ጭንቅላቷ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ደረሰች። ባለ ላስቲኳ ጎንበስ ብላ «ገባችልኝ» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። ቀና ብላ ኔቪልን አቅፋ ሁለቱን ጉንጩን ሳመችው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልጋት ነው የኖርኩት። እናቴ ሳታያት ሞተች። ተባረክ።»

የጸጉሯ ወይን ጠጅ ቀለም ጉንጩ ላይ ተላከከ። አሊስተር ለአግኚው በደንቡ መሠረት የመጀመሪያውን የላሚንግተን ኬክ ቁራሽ አቀረበለት። ኔቪል አንዴ ገምጦ የቀረውን የመኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጠው። ወፏ ደግሞ የሚገርም ታማኝነት አላት፤ ይሄን ሁሉ ሰዓት ባለችበት ጎንበስ ቀና ትላለች እንጂ ካለችበት ስንዝር አልሄደችም። ይህ ሌላ ማንንም አላሳሰበውም።

የራሱ የእጅ ሬዲዮ ኪሱ ውስጥ ተንኮሻኮሸ። «ኔቪል፣ ብቻህን ነህ?» ዶት ናት። ኔቪል ወደ መኪናው ጀርባ ዞረ።

«አሁን ብቻዬን ነኝ።»

«ወፍ ተገኘ ስትሉ ሰምቼ ግድቡን ዞሬ ማዶ ደርሻለሁ። አጠገቧ ነኝ። ጓንት ነው።»

«ምን?»

«የሠራተኛ ጓንት። የውሃ ልክ የሚያዩባቸው ሁለት ቢጫ ችካሎች አሉ አይደል? ሰቅለውባቸው ረስተውታል። ነፋስ ሲነካው ያጎነብሳል። ምንቃር የመሰለህ አመልካች ጣቱ ነው።»

ኔቪል የመኪናውን ጎን ተደገፈ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ የዋራምባ መሬት ግን ሲሚንቶ ነበር።

«ስማኝ» አለች ዶት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የጫማውን ሱቅ ዳቦ ቤት ያልክ ቀን ነው የገባኝ። እስክትነግረኝ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን እኔ ጎንበስ ብዬ ጓንቱን ኪሴ ልክተተው እችላለሁ። በረረች ይባላል። ሁሉም አይቷታል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይገባል። አንተም ማዶህን እንደያዝክ ትቀራለህ። እኔ አልናገርም። አንተ እንዳልከኝ።»

ኔቪል ጉንጩን ዳሰሰ፤ ጣቱ ወይን ጠጅ ሆነ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። «ክተቺው» ቢል በሚመጣው ሳምንትም ቅዳሜ አለ፣ ከዚያ ወዲያም ቅዳሜ አለ፣ እስኪሞት ቅዳሜ አለ፤ በየቅዳሜው ደግሞ ያቺ ሴት የሆነ ቦታ ተቀምጣ ለሰው ሁሉ ስለ ባለ ቢጫ እግሯ ታወራለች።

«አትንኪው» አለ። «እዚያው ይቆይ።»

ወደ ሰዎቹ ተመለሰ። «ጓንት ነው» አለ። ማንም አልሰማውም። «ጓንት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ዶት አጠገቡ ቆማለች። ወፍ አይደለም፤ የሠራተኛ ጓንት ነው። ተሳስቻለሁ።»

ቀጥሎ የሆነውን ግን ኔቪል አልጠበቀውም።

«ጓንት ምግብ ሲበላ አይቻለሁ እንዴ እኔ?» አለ ራስል። «ትል ስትጎትት አይቻለሁ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እኔ ግራ እግሯን ስታነሳ ነው ያየኋት» አለ ባለ ከረባቱ። የእህቱን ሰርግ ለጓንት ጥሎ መምጣት አልዋጥለት ብሏል።

«ምናልባት» አለች ከእህትማማቾቹ ትልቋ፣ «ጓንትም አለ፣ ወፍም አለች። ጓንቱን ወዳው ነው የመጣችው።»

«እመቤቴ፣ ወፍ የለችም» አለ ኔቪል።

«አንተ ብትሳሳት እኛ አልተሳሳትንም! አንተ ማን ነህ የእኛን ወፍ የምትሰርዝ?»

ኔቪል መለመን ጀመረ። ሰው ስህተቱን አምኖ እንዲህ የተከለከለበት ዘመን የለም። ዋጋ ባወረደ ቁጥር ገዢዎቹ የሚያስወድዱበት ወፍ ሻጭ ሆኖ ቀረ። መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ያም ሊደብቀው ዓመት ሙሉ የለፋበት ነገር።

«ቀኝ ዓይኔ ሞራ ይዞታል» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ከአምና ጀምሮ። ማዶውን አላየውም። ዛሬም አላየሁትም። አሊስተር፣ ጠዋት የሰጠሁህ ቁጥር የአምናው ነው፣ ትንሽ ቀንሼለት። ሰርዘው።»

ወፏን ሲከላከሉ የነበሩት ሁሉ ቀስ በቀስ ከመድፉ ራቅ ራቅ አሉ፤ በሽታው የሚተላለፍ ይመስል። በዚሁ መሃል ዶት ማዶ ላይ ጓንቱን ነቅላ እጇ ላይ አጠለቀችውና እያወዛወዘች ሰላምታ ሰጠቻቸው። በየስኮፑ የተጎነበሰው ሁሉ አያት። «ገባችልኝ» ያለ የለም።

ባሕሩ መጉደል ጀምሯል። አሊስተር ሬዲዮውን አነሳና «ዶት፣ እዚያው ካለሽ ማዶውን ቁጠሪልን» አለ። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ፣ ኔቪልን ሳያየው፣ ዘረጋለት። «አንተ በሩን ያዝ።» በር መያዝ የአዲስ ገቢ ሥራ ነው።

ኔቪል በሩ ላይ ቆሞ መኪኖቹን አንድ በአንድ አሳለፈ። ባለ ከረባቱ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። ራስል መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ለእኔ ወፍ ናት» አለና ነዳ። ባለ ላስቲኳ ቆመች። ቀለሙ ደርቆ ግንባሯ ላይ ወርዷል። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ አየችው፤ ተወችው። ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ግሌኒስ በረንዳው ላይ አተር ትፈለፍል ነበር። መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ፊቷ ቆመ።

«ግሌኒስ፣ ሐኪሟ የጎረምሳ ዓይን አላለችኝም። ሞራ ነው አለችኝ። በቀኙ አላይም።»

ትስቃለች ብሎ ነበር የጠበቀው፣ ወይም ታዝናለች። ግሌኒስ አተሩን አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና።»

«ከአምና።» ቃሉን አላመጠችው። «አምና የእህቴን ልጆች ከባሕሩ ዳር ጭነህ ያመጣሃቸው በየትኛው ዓይን ነው?»

ኔቪል ስለ ማዶው፣ ስለ ራስል፣ ስለ ጓንቱ የሚነግራት ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ዓመት ሙሉ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ሲሰጋ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ በአውቶቡስ ሲያመላልስ የኖረው ሰውዬ፣ ይሄን አንዴም አላሰበውም።

«አሁንስ» አለች፣ መኪናውን በአገጯ እያመለከተች፣ «ማን ነድቶ አመጣህ?»

ግሌኒስ መዳፏን ዘረጋች። የመኪናውን ቁልፍ ከቁምጣው ኪስ አውጥቶ አስቀመጠላት፤ እሷም ጣቶቿን ገጥማ ወደ ቤት ገባች። ኔቪል በረንዳው ላይ ቆመ፤ የመኪናው ሞተር ገና አልበረደም፣ ቀስ እያለ ቋ ቋ ይላል።